ዳገት ላይ የሚደክም የናፍጣ ያሪስ

ጥያቄ፦ ባለ 1.4 ሊትር ተርቦ ናፍጣ ያሪስ አለኝ፤ የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ ጉልበት ያጣል፣ ሰማያዊ ጭስም ያወጣል። ተርቦውን ቀይር ተብያለሁ፤ ልቀይረው? (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ እባክዎ አይቸኩሉ። ይህ 1,364 ሲሲ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ባሕር ዳር የሚያገኘው አየር ስስ በመሆኑ፣ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ተርቦ ከቆላው ይልቅ በርትቶ መሥራት ስላለበት ትንሽ የአየር ቱቦ ቀዳዳ እንኳ ጉልበቱን ያሳጣዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከተርቦው የሚወጣውን የአየር ቱቦ ያስፈቱና ውስጡን በጣትዎ ይዳብሱት፤ ስስ የዘይት ወዝ የተለመደ ነው፣ የተጠራቀመ ዘይት ግን የተርቦውን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ማሸጊያ) ያስጠረጥራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል፤ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጄክተር ወይም የአየር ማነስን እጠረጥር ነበር። ቱቦው ደረቅ ከሆነ የፒስተን ፋሻዎቹን (ቀለበቶቹን) በኮምፕረሽን፣ ማለትም በሲሊንደር ግፊት ልኬት፣ ያስመርምሩ። ተርቦን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ሳይቀየር የቆየ ዘይት ስለሆነ፣ መቀየሩ ግድ ቢሆን እንኳ የዘይት መስመሩ አስቀድሞ ካልጸዳ አዲሱም አይሰነብትም።