ታንከሩ ሞልቶ «ጎድሏል» የሚል ፒን

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከምድር በርሜል ወደ ጣሪያው ታንከር ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ በኢኤስፒ32 ቦርድ (ፕሮግራም በሚጫንበት አነስተኛ መቆጣጠሪያ) እና በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) ለመቆጣጠር ሞክሬአለሁ። ታንከሩ ሲሞላ ሽቦዎቹን የሚለያይ፣ ሲጎድል የሚያገናኝ ተንሳፋፊ ማብሪያ ሰቅዬ፣ አንዱን ሽቦ ከቦርዱ ፒን (የሽቦ ማያያዣ እግር) 34፣ ሌላውን ከግራውንድ (ከ0 ቮልት መስመር) ጋር አያያዝሁ፤ ፒኑን ወደ 3.3 ቮልት የሚስበው ውስጣዊ ሬዚስተር እንዲሠራም በፕሮግራሙ አዝዣለሁ። ሆኖም ውሃው ታንከሩን ሞልቶ ማብሪያው ከተለያየ በኋላ ንባቡ ይዋልላል፤ ሽቦውን ስነካው ይለዋወጣል። ማገናኛው ሲረጥብ ደግሞ ታንከሩ ሞልቶ ሳለ «ጎድሏል» ይላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሪሌው ሳላዘው ቀጭ ይላል። ቦርዱ ተበላሽቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ የገለጹልን ነገር የተበላሸ ቦርድ ምልክት አይደለም። መግቢያ የሆነ ፒን ሽቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑን ብቻ ይለያል፤ ለዚህም የሚስበው ከረንት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከየትኛውም ወገን ጋር ካልተያያዘ በአቅራቢያው ካለው የ220 ቮልት መስመር የሚደርሰው ረብሻ እንኳ ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። ማብሪያው ሲያገናኝ ፒኑ ከግራውንድ ጋር ስለሚተሳሰር 0 ያነባል። ሲለያይ ግን ወደ 3.3 ቮልት የሚስበው ነገር ከሌለ፣ ንባቡ 1 ሊሆን፣ 0 ሊሆን፣ በሴኮንድ ውስጥም ብዙ ጊዜ ሊገለባበጥ ይችላል። ያልተያያዘ ፒን 0 ነው ብሎ ማሰብ በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያስፈጅ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

በፕሮግራም ያዘዙት ሬዚስተር ለምን አላዳነዎትም? በኢኤስፒ32 ላይ ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች መግቢያ ብቻ ናቸው፤ ውስጣዊ ሬዚስተርም ስለሌላቸው ትእዛዙ ለውጥ አያመጣም። በፒን 34 እና በ3.3 ቮልት መካከል የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስገቡ፤ ፒኑ 5 ቮልት ስለማይችል በስህተት ወደ 5 ቮልት እንዳያስሩት አደራ። ወደ ፒን 32 ወይም 33 ቢዛወሩ ውስጣዊ ሬዚስተር ያገኛሉ፤ ነገር ግን ወደ 45 ኪሎ ኦም የሚጠጋ ስለሆነ ጣሪያ ለሚደርስ ረጅም ሽቦ ደካማ ነው። ማገናኛው ሲረጥብ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ከረንት ያሾልካል፤ በክረምት የጦሳ ተራራ ጭጋግ በሚወርድባት ደሴ ብሠራው ኖሮ የ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እመርጥ ነበር፤ የሚስበው 1.5 ሚሊአምፒር ብቻ ነውና። ማገናኛውንም ከውሃ ይሸፍኑት። ውሃው ሲናወጥ ማብሪያው ስለሚዋልል፣ ንባቡ ለ2 ሴኮንድ ያህል ሳይለወጥ ካልቆየ ፕሮግራሙ አይመነው።

ስለ ሪሌው፦ መብራት ሲመለስ ፕሮግራሙ እስኪጀምር ድረስ ፒኑ ገና መውጫ አልሆነም፤ ስለዚህ ሪሌውን የሚነዳው ትራንዚስተር ያለ አዛዥ ይቆያል። ከትራንዚስተሩ ቤዝ (ትእዛዝ ከሚቀበልበት እግር) ወደ ግራውንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቢያስሩ ጠፍቶ ይጠብቃል። የትእዛዙ ቮልቴጅ ዝቅ ሲል የሚሠራ ዝግጁ የሪሌ ሞጁል ከሆነ ግን ሬዚስተሩ ከመቆጣጠሪያ ሽቦው ወደ 3.3 ቮልት ይታሰራል። 0፣ 2፣ 5፣ 12 እና 15 ቁጥር ፒኖችን ቺፑ ሲነሳ ራሱ ስለሚያነባቸው ለሪሌ አይምረጧቸው፤ 25፣ 26 ወይም 27 ይሻላሉ። የተለመደው የ5 ቮልት ሪሌ ጥቅል 70 ሚሊአምፒር ያህል ስለሚፈልግና ይህም ከፒኑ አቅም በላይ ስለሆነ፣ ያለ ትራንዚስተር ከፒኑ ጋር በቀጥታ ከታሰረ ዛሬውኑ ያላቅቁት።