ብርዱን የምትጠላው ባለቤቴ ከሚኒሶታ አልወጣም አለች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴን ከባሕር ዳር ያመጣኋት ከእኔ ሦስት ዓመት ዘግይታ ነው። ትራክ እነዳለሁ፤ በወር ቤቴ የማድረው ስምንት ወይም ዘጠኝ ሌሊት ቢሆን ነው። እሷ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ 16 ዓመቷ ነው፣ 11ኛ ክፍል ልትገባ ነው። መካከለኛው 10፣ ትንሹ 4።

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ባለቤቴ ሌላ ሰው ትሆናለች። ከሥራ መጥታ ትተኛለች፣ ተነሥታም እንቅልፏ አይለቃትም። ስልክ አታነሣም። ዳቦና ጣፋጭ ታበዛለች፣ ትወፍራለች፣ ከዚያ በራሷ ትበሳጫለች። መጋቢት አልፎ ቀኑ ሲረዝም ምንም እንዳልነበረ ትሆናለች። «ይህ አገር በቁሜ ቀበረኝ» ያለችኝ እሷው ናት። ስለዚህ መፍትሔ ፈለግሁ። ወንድሜ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ይኖራል። እሱ እንደሚለው ቤቱ ይረክሳል፣ የስቴት የገቢ ታክስ የለም፣ ሐበሻው ብዙ ነው፣ ክረምቱም ቀላል ነው። አትላንታን፣ ላስ ቬጋስንና ሲያትልንም አስቤአለሁ።

ባለፈው ግንቦት ቤት መርጬ፣ ቅድሚያ ክፍያውን አዘጋጅቼ ስነግራት እምቢ አለች። «ከፈለግህ አንተ ሂድ» አለችኝ። ምክንያቷ ማኅበሯና ቤተ ክርስቲያኗ ነው። እርግጥ ትንሹ ሲወለድ እኔ ነብራስካ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ሆስፒታል ያደረሷት የማኅበሯ ሴቶች ናቸው፣ ውለታቸውን አልክድም። ግን ለሴቶች ሻይ ብሎ በየዓመቱ አምስት ወር መታመም ምን ይባላል? ትልቋ ልጄም ከእናቷ ጋር ሆና አኮረፈችኝ። ሞኝነቷን እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ባለቤትዎ ሞኝ አይደሉም፤ እንዲያውም ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው የዚህን ጉዞ ሒሳብ በደንብ የሠሩት እሳቸው ይመስሉኛል።

በወር ስምንት ዘጠኝ ሌሊት የሚያድር ሰውና በየቀኑ እዚያው የሚውል ሰው አንድን ከተማ እኩል አይኖሩበትም። እርስዎ ዳላስ ቢገቡ የሚነዱት ያንኑ ትራክ ነው፤ ሲመለሱም ወንድምዎ አለ። እሳቸውስ? ትንሹን ሌሊት ትኩሳት ቢይዘው ለማን ይደውላሉ? ሺፍት ሲራዘምባቸው መካከለኛውን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበልላቸዋል? አገር ቤት ቢሆን እናት፣ እህት፣ ጎረቤትና የክርስትና እናት ተከፋፍለው የሚሸከሙትን እዚያ አንድ ማኅበር ብቻውን ይሸከመዋል። ባለቤትዎ ደግሞ በነጻ አላገኙትም። 11 ዓመት ዝክር እየዘከሩ፣ አራስ እየጠየቁ፣ ለቅሶ እየደረሱ ያቆሙት ነው። እርስዎ ነብራስካ ሳሉ ምጡ ሲመጣ የደረሰላቸው እሱ ነው። ይህን «ሻይ» ብለው ሲጠሩት እሳቸው ምን እንደሚሰሙ አስበውታል?

ሌላም አለ። «ቤት መርጬ፣ ክፍያውን አዘጋጅቼ ስነግራት» ብለዋል። ከባሕር ዳር የመጡትም እርስዎ በወሰኑት ጊዜ፣ እርስዎ ወደመረጡት ከተማ ነው። ያ ጥፋት አልነበረም፤ ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው መነቀል በዚያው መንገድ ሲመጣባቸው ግን «አንተ ሂድ» ማለታቸው አያስገርመኝም። ይህን ቃል አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው ፍቺ ከሚፈልግ ሰው አይደለም፤ ሳይጠየቅ ከዕቃው ጋር ከተቆጠረ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ። በደብዳቤ፣ ያውም በባል ደብዳቤ፣ ምርመራ አይደረግም። ነገር ግን የዘረዘሩት ሁሉ፣ ማለትም ኅዳርንና ክረምትን ጠብቆ መምጣቱ፣ እንቅልፍ መብዛቱ፣ ዳቦና ጣፋጭ ማሰኘቱ፣ ከሰው መራቁ፣ ቀኑ ሲረዝም መልቀቁ፣ በሙያችን ወቅታዊ ድብርት ከምንለው ጋር በጣም ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ውስጥ ስም ሰጥተው የገለጹት ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሮዘንታል ራሳቸው ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ስደተኛ ናቸው፤ የሰሜኑ ክረምት ጉልበት ሲነሣቸው በራሳቸው ላይ አይተውታል። እኛ ጋ ግን ይህ ሁሉ «ስንፍና» ይባላል፣ ወይም ጾመ ነቢያት ስለሆነ ደክሟት ነው ተብሎ ይታለፋል።

ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የዚህ ሕመም ዋና ቀስቃሽ የብርሃን ማጠር እንጂ ብርዱ አለመሆኑን ነው። ባሕር ዳር በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ሴንት ፖል በታኅሣሥ ውስጥ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ የባለቤትዎን ሺፍት ያስቡት። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ሲወጡ ፀሐይ ገና አልወጣችም። ቤት ገብተው ልጆቹን ሸኝተው ይተኛሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሡ፣ ፀሐይ የምትጠልቀው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በወሩ ውስጥ ስንት ሰዓት ብርሃን እንዳዩ ይቁጠሩት። «በቁሜ ቀበረኝ» ያሉት ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ ላይሆን ይችላል።

ይህ የከተማ ምርጫዎንም ይለውጠዋል። ሲያትል በረዶው ጥቂት ነው፣ ብርዱም ከሚኒሶታ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ከሴንት ፖል ይልቅ ወደ ሰሜን የራቀ ነው፣ ክረምቱም ደመና ነው፤ ለባለቤትዎ ከነበሩበት የባሰ ጨለማ ማለት ነው፣ የቤቱም ዋጋ እሳት ነው። ከዝርዝርዎ ይሰርዙት። ዳላስና አትላንታ በአጭሩ ቀን እንኳ አሥር ሰዓት ገደማ ብርሃን አላቸው። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ወንድምዎ ዋሽቷል አልልም። ያልነገረዎት ግን አለ። ቴክሳስ የገቢ ታክስ ባይኖርም የቤት ታክሱ በአገሪቱ ከከባዶቹ አንዱ ስለሆነ ወርሃዊው የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ክፍያ ሲያዩት ከጠበቁት በላይ ያብጣል። በበጋ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ እያለፈ ይሰነብታል። በየካቲት 2021 ደግሞ በረዶ የለም የተባለበት ያው ቴክሳስ በውርጭ ተመትቶ ሚሊዮኖች ለቀናት መብራት አጥተው ነበር። አትላንታ በጸደይ የዛፍ ብናኙ መኪና ላይ ቢጫ ሆኖ ይጋገራል፤ ከልጆችዎ አስም ያለበት ካለ ይህን ያስቡበት። ላስ ቬጋስ ፀሐይ ሞልቷል፤ ነገር ግን ሐምሌ ላይ ልጅ ውጭ አይጫወትም፣ ከሥራውም ብዙው ካዚኖና ሌሊት ነው። ከሌሊት ሺፍት ሊያወጧቸው ፈልገው ወደ ሌሊት ከተማ ባይወስዷቸው እመርጣለሁ። የአየሩን ነገር ካነሣን ሳን ዲዬጎን የሚያህል የለም፤ ዋጋውን ግን እርስዎም ያውቁታል። ለስላሳ አየር፣ ርካሽ ቤትና የራስ ሰው፣ ሦስቱ በአንድ ከተማ አይገኙም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽካዴና ካንማን የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያና በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ያሉ ወደ 2,000 ተማሪዎችን ስለ ሕይወታቸው ጠየቁ። ሁለቱም ወገኖች «ካሊፎርኒያ ያለው የበለጠ ደስተኛ ነው» ብለው ገመቱ። የራሳቸውን ሲጠየቁ ግን የእርካታ ልዩነት አልተገኘም። ሰው ስለ መዛወር ሲያስብ ዓይኑ ፀሐዩ ላይ ይተከላል፤ ገብቶ ሲኖርበት ያው የወር ክፍያ፣ ያው ትራፊክ፣ ያው ብቸኝነት ይጠብቀዋል። እርስዎም ስለ ጋርላንድ በጻፉት ውስጥ ባለቤትዎ በአንድ ተራ ማክሰኞ ምን እንደሚያደርጉ የሚል መስመር አላገኘሁም። ጥናቱ ግን በጨለማ የሚታመምን ሰው አይመለከትም፤ ስለዚህ «የትም ብትሄዱ ያው ነው» ለማለት አላነሣሁትም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ ባይ ነኝ። በመጀመሪያ ሕመሙ፣ ከዚያ ከተማው።

መስከረም ሳያልቅ፣ ጨለማው ሳይገባ፣ ባለቤትዎ ሐኪም ይዩ። ተመሳሳይ ድካም የሚያመጡት የደም ማነስና የእንቅርት ችግር ይመርመሩ፤ ቫይታሚን ዲ እንዲሁ፣ ጥቁር ቆዳ በዚያ ሰሜን በቂ ላያመርት ይችላልና። ቫይታሚኑ ብቻውን ድብርት ያድናል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥም። ለወቅታዊ ድብርት የተፈተሸው የብርሃን ሳጥን፣ ማለትም ደማቅ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ነው፦ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ)፣ እንደነቁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ፣ ቡና እየጠጡ። የዓይን ሕመም ወይም ከመጠን ያለፈ የስሜት ከፍታ ታሪክ ካለ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመርም። ለሌሊት ሠራተኛ ሰዓቱም ስለሚለያይ ይህን ከሐኪሙ ጋር ይወስኑ። ለዚሁ ሕመም የተዘጋጀ የንግግር ሕክምናም መድኃኒትም አለ። «በቁሜ ቀበረኝ» የሚለውን ቃልም አይለፉት። ሞትን የሚያስቡ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቋቸው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም። አዎ ካሉ በዚያው ቀን ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለገጠመው ሰው ወደተዘጋጀው የአሜሪካ የስልክ መስመር ወደ 988 ይደወላል።

ሁለተኛው ሺፍቱ ነው። ወደ ቀን ቢዛወሩ የሌሊቱ ጭማሪ ይቀራል፣ ልጆች የመጠበቁም ነገር እንደ አዲስ ይደራጃል። ቢሆንም ያ ገንዘብ ከሞርጌጅና ከጭነት መኪና ኪራይ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ነው? እግረ መንገዴን ልጠይቅዎ፦ እርስዎስ ማታ ቤት የሚያስገባ ሎካል መንገድ አስበው ያውቃሉ? ክፍያው ሊቀንስ እንደሚችል አውቃለሁ። ከቤቱ የጎደለው ፀሐይ ብቻ ይሁን ሰውም ጭምር፣ መልሱ ከእርስዎ ዘንድ የለም፤ ባለቤትዎን ይጠይቋቸው።

ሦስተኛ፣ ትልቋ ልጅዎ። ከባሕር ዳር በአምስት ዓመቷ አንዴ ተነቅላለች። 11ኛ ክፍል ላይ ከጓደኞቿ መንቀል ከባድ ነው፤ ቂሙም ይቆያል። ኪሱም አለ። ሚኒሶታ ከ2024 ጀምሮ የቤተሰብ ገቢው በዓመት ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ነዋሪ ተማሪ የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያ ይሸፍናል። የእርስዎ ገቢ ሊያልፍ ይችላል፣ ያጣሩት። ቴክሳስ ደግሞ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት አንድ ዓመት መኖርን ይጠይቃል። ኢንሹራንሱንም እንዲሁ፦ ቴክሳስ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ለአዋቂዎች ካላሰፉት ስቴቶች አንዱ ነው። ባለቤትዎ ሥራ ቀይረው የነርሲንግ ረዳት ወረቀታቸው እስኪዛወር ባለው ጊዜ ከታመሙ ማን ይሸፍናል?

የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ ልጅቷ 12ኛን እስክትጨርስ ሁለት ክረምት በሕክምናና በቀን ሺፍት እዚያው ይክረሙ። ሁለተኛው ክረምት እንደ መጀመሪያው ከጣላቸው ያን ጊዜ መሄዱ ቅንጦት አይሆንም፤ እኔም «ሂዱ» እላለሁ። ያኔም ቢሆን ቢያንስ ስድስት ወር ተከራይቶ መቀመጥ ከመግዛት ይቀድማል።

በሚቀጥለው ጊዜ ቤት ሲገቡ ታዲያ የቤት ፎቶ የሞላበትን ስልክ ኪስዎ ይክተቱት። «ቤቱን ሳልጠይቅሽ መርጫለሁ፣ ትክክል አልነበረም» ይበሏቸው። ቀጥለው «ከዚህ ብንሄድ ማንን ታጪያለሽ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ይስሙ። በስም ይዘረዝሩልዎታል፤ ምናልባት ግማሾቹን አያውቋቸውም። መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ፣ ዳላስም ሐበሻ ሞልቷል አይበሉ።

ጋርላንድን የማየቱ ነገር ከተነሣም በገና ሰሞን አይሁን፤ ያኔ ከሚኒሶታ የመጣ ሁሉ ገነት የገባ ይመስለዋል። ሙቀቱ በሚፈላበት በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይሁን፤ አንድ ተራ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳሙ፣ አንድ የሥራ ቀን ደግሞ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ንዱ። ትኬቱ ለአምስታችሁም ይቆረጥ። ትልቋ «አልሄድም» ብትል እንኳ የእሷም ይቆረጥ።