ለርዕስ የሚሆን ፊደል

ጥያቄ፦ በጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ በአንድ ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። ለመጽሔት ርዕስ ወፍራምና ቀጭን መስመሩ በጣም የሚለያይ ፊደል እየሳልሁ ነው። «ጠ» እና «ሐ» ግን ከሌሎቹ ይልቅ ጠቁረው ታዩኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሦስት እግር ያላቸውን ፊደላት እንደ «በ» እግር አያወፍሯቸው። እያንዳንዱን እግር ጥቂት ያቅጥኑ፤ ፊደሉንም ትንሽ ያስፉት። ዓይን በእግሮቹ መካከል ያለውን ነጭ ቦታ ጭምር ይመዝናል። ወፍራምና ቀጭን መስመሩ በጣም የሚለያየውን የጣሊያናዊውን ፊደል ቀራጭ የቦዶኒን የላቲን ፊደል ግን እባክዎ አይቅዱ፤ የእኛ ውፍረትና ቅጥነት የመጣው ከመቃ ብዕር ነው። ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው መቃ ቆርጠው «ጠ»ን ደጋግመው ይጻፉ።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ የ«ቤ» ቀለበት ነው። በጋዜጣ ወረቀት ላይ ቀለም ከደፈነው ወይም ቀጭኑ መስመር ከተቆረጠ «ቢ» ተብሎ ይነበባል፤ ቃሉም ይበላሻል! ቀለበቱን ከሌሎቹ ቀጫጭን መስመሮች ወፈር፣ ቀዳዳውን ሰፋ ያድርጉት። ከዚያ በትክክለኛው መጠንና ወረቀት አትመው ከሩቅ ይዩት።