ለስፔን ዜግነት ፈተና ለምትዘጋጂው እህት፦ ከነገሥታቱ በፊት ስምሽን አስተካክዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማድሪድ ውስጥ በጥገኝነት መኖር ከጀመርሽ አምስት ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ ለዜግነት ማመልከቻ የሚጠየቀውን ሴ-ሴ-ኤሴ-ኤ የተባለውን ፈተና ለመውሰድ አስበሻል፤ የስፔንን ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ማኅበራዊ ኑሮ ከየት ጀምረሽ እንደምታጠኚ ግራ ገብቶሻል። አንድ አካዴሚ የጠየቀሽን የኮርስ ክፍያ ልክፈል ወይስ ልተው ብለሻል። አትክፈዪ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ቀላል ነው፣ አትፍሪ» ብለውሻል፤ ፈተናውስ እውነትም ቀላል ነው። እኔን ያንገበገበኝ የፈተናው በር ነው፤ እደርስበታለሁ።

የምኖረው ሳራጎሳ ነው፤ የምሠራው ምግብ ቤት ውስጥ ነው። እንደ አንቺ በጥገኝነት ገብቼ ነው ያመለከትኩት። ሌላው ብዙ ስደተኛ አሥር ዓመት ሲጠብቅ እኛ በአምስት ዓመት የምናመለክተው ለዚህ ነው። የቋንቋውን ፈተና አልነካውም፤ በስፓኒሽ ከአሠሪሽ ጋር መከራከር ከቻልሽ ያንን ታልፊያለሽ።

አንደኛ፣ ፈተናው የሚመዝነውን እወቂ። 25 ጥያቄ በ45 ደቂቃ፤ 15 ካገኘሽ አለፍሽ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ አንድም ጥያቄ ባዶ አትተዪ። ጥያቄዎቹ በሙሉ የሚወጡት ፈተናውን የሚያዘጋጀው ሰርቫንቴስ ኢንስቲትዩት በየዓመቱ በነጻ ከሚለቀው 300 ጥያቄዎችን ከያዘ መመሪያ ነው። አሥሩ ስለ መንግሥት፣ ስለ ሕግና ስለ ዜጎች ተሳትፎ፣ ሦስቱ ስለ መብትና ግዴታ፣ ሁለቱ ስለ ጂኦግራፊና ስለ አስተዳደር ክፍፍል፣ ሦስቱ ስለ ባህልና ታሪክ፣ ሰባቱ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ናቸው። እንግዲህ ልብ በዪ፤ ታሪክ ከባህል ጋር ተዳብሎ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው! እኔ የተመዘገብኩበት አካዴሚ አስተማሪ ግን ስፔንን በጥንት ዘመን በገዙት በቪሲጎት ነገሥታት ስም ዝርዝር ብዙ ምሽት አቃጥላብናለች። ከምግብ ቤት ወጥቼ፣ እጄ ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ፣ የስንተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ማን እንደገደለው በደብተር ስጽፍ አመሽ ነበር። ከእነዚያ ነገሥታት አንዱም ፈተናው ላይ አልመጣም።

መመሪያው በየዓመቱ ይታደሳል፤ አዲሱ ሥራ ላይ የሚውለው ከጃንዋሪ ጀምሮ ነው። አካዴሚው ለእኛ ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሸጠልን ያለፈውን ዓመት ነበር። በነጻ የሚገኝ ነገር፣ ያውም ጊዜው ያለፈበት፣ በዩሮ ተሸጠልን። አንቺ ከኢንስቲትዩቱ ድረ ገጽ የፈተናሽን ዓመት እትም አውርጂ፣ ሥራሽ ቦታ አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት አሳትሚውና በቦርሳሽ ያዢው። በሜትሮ ስትመላለሺ ትጨርሺዋለሽ።

ሁለተኛ፣ መንግሥቱን ቀድመሽ ያዢ፤ ነጥቡ ያለው እዚያ ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ዲሴምበር 6 ቀን 1978 ነው፤ ቀኑ በዓል ስለሆነ ሥራ የምትገቢ ከሆነ ተጨማሪ ክፍያሽን ጠይቂ። ርዕሰ ብሔሩ ንጉሡ ናቸው፤ ፌሊፔ ስድስተኛ ከ2014 ጀምሮ ነግሠዋል። መንግሥቱን የሚመራውን ሰው ስፔኖች ፕሬዚዳንት ይሉታል፤ ሥራው ግን እኛ ጠቅላይ ሚኒስትር የምንለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ ይወድቃል፤ «ፕሬዚዳንት ካለ ንጉሡ ምን ይሠራል» ብሎ ይጠራጠርና የተሳሳተውን ይመርጣል። የተወካዮች ምክር ቤቱ 350 አባላት አሉት፤ ከእሱ ጋር ሴናቱ አለ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ኮርቴስ ይባላሉ። እንባ ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚሠራ እወቂ። በቃ፣ ይህ ክፍል ደረቅ ነው፤ ሸምድጂው።

ጂኦግራፊው ሁለት ጥያቄ ብቻ ቢሆንም ደስ ይላል። 17 ራስ ገዝ ክልሎች፣ 50 ፕሮቪንሲያዎች፣ ከእነዚህ ውጪ ሴውታና ሜሊያ የተባሉ ሁለት ራስ ገዝ ከተሞች አሉ። ሁለቱ ከተሞች በአፍሪካ ምድር ላይ ናቸው፤ አጥራቸውን በዜና አይተሽው ይሆናል። ዋና ከተሞቹ ላይ ተጠንቀቂ፤ ታዋቂው ከተማ ሁልጊዜ ዋና ከተማ አይደለም። የባስክ መቀመጫ ቢልባኦ ሳይሆን ቪቶሪያ ነው፤ የጋሊሲያ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ፣ የኤክስትሬማዱራ ሜሪዳ። ካናሪዎች ደግሞ ዋና ከተማነቱን ለላስ ፓልማስና ለሳንታ ክሩስ ደ ቴነሪፌ አካፍለውታል፤ ሁለቱ አይዋደዱም ይባላል። ከፍተኛው ተራራ ቴይዴ ነው፤ 3,715 ሜትር፣ ቴነሪፌ ደሴት ላይ። ሙላሴን ብለው የሚከራከሩሽ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ዋናው ምድር ነው። (ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን ለአስተማሪዋ ብነግራት «እሱ አልተጠየቀም» አለችኝ።)

ወንዞቹን እንዲህ ያዢያቸው፦ ታሆ እንደ አባይ ነው፤ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ውሃውን ይዞ ወደ ጎረቤት አገር ወደ ፖርቱጋል ይሄዳል። ኤብሮ እንደ አዋሽ ነው፤ አገሩን አይለቅም። በአይቤሪያ ባሕረ ገብ መሬት ረጅሙ ታሆ፣ ሙሉ በሙሉ በስፔን ውስጥ ከሚፈሱት ረጅሙ ኤብሮ፣ 930 ኪሎ ሜትር። እኔ በየቀኑ በድንጋዩ ድልድይ ላይ ኤብሮን ተሻግሬ ነው ሥራ የምገባው። በክረምት ሲየርሶ የሚሉት ነፋስ ከወንዙ ላይ ሲነሳ ኮፍያሽን ይዞብሽ ይሄዳል። ይህንን መመሪያው ላይ አታገኚውም።

ታሪኩን በተመለከተ፣ ሦስት ዓመቶችን በደንብ ካወቅሽ ሌላው ይከተላል። 1492፦ የአራጎኑ ፈርናንዶና የካስቲያዋ ኢሳቤል ግራናዳን ከሙስሊሞቹ ገዢዎች በጃንዋሪ ወሰዱ፣ በማርች አይሁዳውያን ክርስትና እንዲቀበሉ ወይም ከአገር እንዲወጡ አዘዙ፣ በኦክቶበር 12 የእነሱን መርከቦች የመራው ኮሎምበስ አሜሪካ ደረሰ። ብሔራዊ በዓሉ ኦክቶበር 12 የሆነው ለዚህ ነው። እዚህ ሳራጎሳ ደግሞ ያው ቀን የፒላር ማርያም በዓል ነው፤ ከተማው በአበባ ይሞላል፣ እኛ ኩሽና ውስጥ ያለነው ከሰሃን ክምር ጀርባ እንውላለን። 1936፦ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ፤ በ1939 አበቃ፤ ፍራንኮ እስከ ሞተበት እስከ 1975 ገዛ። 1986፦ ስፔን ያኔ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ይባል ወደነበረው ኅብረት ገባች።

በ1936ቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን ይነካናልና። የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ የገባው በሜይ 1936 ነው። በጁላይ የስፔን ጦርነት ሲፈነዳ ሙሶሊኒ ብዙ ሳይቆይ አውሮፕላንና ወታደር ለፍራንኮ ላከ። ጌርኒካ የተባለችው የባስክ ከተማ አፕሪል 26 ቀን 1937 በጀርመንና በጣልያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ የእኛ ሰው በመርዝ ጋዝ ካለቀ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። ፒካሶ ይህንኑ ድብደባ የሣለበትን ትልቁን ሥዕል እዚያው ማድሪድ ሬይና ሶፊያ ሙዚየም ሂጂና እዪው። ሥዕሉን ሳይ የአያቴ ወሬ ትዝ አለኝ። አስተማሪዋ ስለ ኢትዮጵያ ምንም አታውቅም ነበር፤ እኔም ዝም አላልኩም። ፔድሮ ፓኤዝን ታውቂዋለሽ አልኳት። አታውቀውም። ከማድሪድ ብዙ በማይርቅ መንደር የተወለደው ያ ኢየሱሳዊ (ጄስዊት) የካቶሊክ ቄስ በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር የግሽ አባይን ምንጭ አይቶ የጻፈ፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ የሞተ ሰው ነው። የቪሲጎቱን ሁሉ በስም የምትጠራ ሴት የራሷን አገር ሰው ከእኔ ሰማች! ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ወጣሁ።

ማኅበራዊ ኑሮው ላይ አትቸገሪም፤ እየኖርሽበት ነው። የድንገተኛ ጥሪ 112፣ ግዴታ ትምህርት ከ6 እስከ 16 ዓመት፣ ለመምረጥ 18 ዓመት፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ በነዋሪነት መመዝገብ። በዓሎቹን እይ፤ የቫሌንሲያ ፋያስ በማርች፣ የፓምፕሎና ሳን ፈርሚን በጁላይ። ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት ላይ 12 የወይን ፍሬ ይበላል። ልጆች ስጦታ የሚጠብቁት ጃንዋሪ 6 በነገሥታቱ ቀን ነው፤ የእኛ ገና በማግስቱ ስለሆነ የእኔ ልጆች ሁለት ጊዜ ይቀበላሉ፣ እኔ ሁለት ጊዜ እከስራለሁ።

ሦስተኛ… እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና የሆነውን ልንገርሽ።

ስፔናዊ ሁሉ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የአባቱ፣ ቀጥሎ የእናቱ። ሴት ስታገባም ስሟን አትቀይርም። እኛ ደግሞ የራሳችን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። በመኖሪያ ካርዴ ላይ በአንደኛው የቤተሰብ ስም ቦታ የአባቴ፣ በሁለተኛው ቦታ የአያቴ ስም ተጽፏል። ያ አካዴሚ ምዝገባውንም ለብቻ እያስከፈለ ይሞላ ነበር። ጸሐፊዋ የእናቴን አባት ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ በሁለተኛው ቦታ ላይ እሱን አስገባችው። ካርዴን አሳየኋት፣ እንዲህ አይደለም አልኳት። «በስፔን ሁለተኛው የእናት ነው፤ ሥራዬን አታስተምረኝ» አለችና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ፈተናው የሚሰጠው ከኦገስትና ከዲሴምበር በስተቀር በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ነው። እኔ ፈረቃ ለውጬ፣ ለባልደረባዬ የእሑድ ዕረፍቴን ሰጥቼ ነው የሄድኩት። በሩ ላይ የቆመችው ሠራተኛ ካርዴን አየች፣ ዝርዝሩን አየች፣ እንደገና ካርዱን አየች። «ይህ አንተ አይደለህም» አለች። ፎቶው እኔ፣ የካርዱ ቁጥር የእኔ፣ የመጀመሪያ ስሙ የእኔ። በአገራችን የስም አሰጣጥ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ ጀመርኩ። እጇን አንስታ አቋረጠችኝ፣ «እዚህ የምንመለከተው ወረቀት ነው፤ ዘወር በል፣ ሰው አታግድ»። ከኋላዬ የነበረ የፔሩ ልጅ እንኳ ሊያስረዳልኝ ሞከረ፤ እሱንም ተቆጣችው። ሰው የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ በር ላይ ሲመለስ ምን እንደሚሰማው እሷ የምታውቀው ነገር አይደለም።

አካዴሚው የደበቀኝ ሌላም ነገር ነበር፦ የ85 ዩሮው ክፍያ ሁለት ዕድል ይሰጣል፤ ብትወድቂ ወይም ባትፈተኚ እንደገና ሳትከፍዪ ትቀመጫለሽ። ይህን ያነበብኩት ራሴ ከድረ ገጹ ነው። ስሜ እንዲታረም ጽፌ፣ ልክ ካርዴ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስደርጌ፣ ሄድኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጨርሼ ወጣሁ፤ አጠገቤ የነበረው ሰው ገና የመጀመሪያውን ገጽ ያነብ ነበር። «አፕቶ» (አልፏል) የሚለውን ውጤት አትሜ አካዴሚው ሄድኩና የምዝገባ ገንዘቤን መልሱ አልኳቸው። ጸሐፊዋ ገንዘብ እንደማይመለስ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ተጽፏል አለችኝ። ደረሰኝ ሰጥታኝ አታውቅም።

የስም ነገር እዚያ አያበቃም። የልደት ማስረጃሽ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ተርጓሚው ወደ አውሮፓ መቀየሩን፣ ከካርድሽ ጋር መግጠሙን አረጋግጪ። ዜግነቱ ሲፈቀድልሽ ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ቃለ መሐላ መፈጸም አለብሽ፤ ካለፈ ይቃጠላል። በዚያ ጊዜ የሲቪል መዝገብ ቤቱ የእናትሽን ወገን ስም ይጠይቅሻል። የቆየ ስምሽን ይዘሽ ለመቀጠል ከፈለግሽ በመሐላው ዕለት ወይም በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ አመልክቺ፤ በቃል አትመኚ። ደግሞም የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ ስፔንም በመሐላው ላይ የቀድሞውን ዜግነት ትቻለሁ እንድትዪ ታደርግሻለች። ከዚያ በኋላ አገር ቤት ለመመላለስ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ነው ያለሽ። ይህን ከቤተሰብሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ እናቴ ስትሰማ አልቅሳለች።

አሁን ካርድሽን አውጪና በአንደኛውና በሁለተኛው የቤተሰብ ስም ቦታ የማን ስም እንደተጻፈ፣ የአባትሽ ይሁን የአያትሽ፣ ከዚህ በታች ጻፊልኝ፤ ቅጹ ላይ የቱን የት እንደምታስገቢ እነግርሻለሁ። የካርዱን ፎቶ ግን እዚህ አትለጥፊ፤ ባለፈው አንዱ ለጥፎ ቁጥሩን ሁላችንም አየነው።