መጀመሪያ ሬዲዮኑን ጨርሰው፣ ባንኩ የትም አይሄድም

ከጅማ ለጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሰላም ነው?

ለሌላው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ልጁ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የኤሌክትሪካል አምስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ዶርም ውስጥ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ በሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድና ፍሪኩዌንሲ በሚያመነጭ ኤስአይ5351 ቺፕ የኤስዲአር (ብዙ ሥራው በሶፍትዌር የሚሠራ) አማተር ሬዲዮ እየሠራ ነው። መቀበያው ይሰማል፣ ማስተላለፊያው ገና ነው። ወጪውን የሚችለው አጋሮ ያለው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ «ይሄን መጫወቻ ተውና ባንክ ተፈተን» ብሎታል።

አራት ነገር ጠይቀኸኛል፣ የምቆየው ግን አንዱ ላይ ነው። «ሲቪ ላይ ብጽፈው ይስቁብኛል ወይ?» አልክ። ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ጻፈው እንጂ! ግን «ትራንሲቨር (መቀበያም ማስተላለፊያም የሆነ ሬዲዮ) ሠርቻለሁ» ብለህ ብቻ አትለፍ፣ እሱንማ ዩቲዩብ ያየ ሁሉ ይጽፈዋል። ጥሩ ጠያቂ መስማት የሚፈልገው ምን እንደተበላሸብህና እንዴት እንደደረስክበት ነው። አንተ ደግሞ ይሄን እጅህ ላይ ይዘህ አላወቅከውም። ደብዳቤህ መሀል «አንዱ ጣቢያ ሁለት ቦታ ይመጣብኛል» ብለህ እንደ ዋዛ አልፈሃል። ያ ሁለተኛው ኢሜጅ ይባላል፣ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚታይ የጣቢያው የውሸት ቅጂ ነው። ሬዲዮንህ ሲግናሉን አይ እና ኪው ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሶፍትዌሩ የማይፈለገውን ጎን የሚያጠፋው ደግሞ በሁለቱ መሀል ያለው የፌዝ (የሞገድ መቅደምና መዘግየት) ልዩነት ልክ 90 ዲግሪ ነው ብሎ አምኖ ነው። 1 ዲግሪ ብቻ ብትስት ኢሜጁን ከ40 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ማነጻጸሪያ) ብዙም አልፈህ ማፈን አትችልም።

ስህተቱ ከየት መጣ? ከምጠረጥራቸው አንዱ ራሱ ፒኮው ነው። ኤዲሲው (ሲግናሉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) አንድ ብቻ ስለሆነ አይ እና ኪውን በተራ ነው የሚያነበው፣ በሙሉ ፍጥነቱ በሰከንድ 500 ሺህ ጊዜ ቢያነብ እንኳ በሁለቱ መሀል 2 ማይክሮሰከንድ ይገባል። ትንሽ ይመስላል። 3 ኪሎኸርዝ ላይ ግን ከ2 ዲግሪ ያልፋል። በኮድ ኢንተርፖሌት አድርገህ (በንባቦቹ መሀል ያለውን ዋጋ አስልተህ) ሁለቱን አንድ ቅጽበት ላይ አምጣቸው። ኦፕ-አምፑ (ሲግናል ማጉያው) ላይ ያሉትን ሬዚስተሮችም በመልቲሜትር እየለካህ የሚመሳሰሉትን አጣምር። ከዚያ ኢሜጁ በፊት ስንት ዴሲቤል እንደነበር፣ በኋላ ስንት እንደሆነ አንድ ገጽ ላይ ጻፍና ቃለ መጠይቅ ስትገባ ይዘኸው ግባ። የሞባይል ቤዝ ስቴሽንም የሚሠራው በዚሁ በአይ እና ኪው ነው፣ ብዙ ተመራቂ ግን የሚያውቀው ከስላይድ ብቻ ነው።

ማስተላለፊያውን ፈቃድ ሳትይዝ አንቴና ላይ እንዳትሰካ። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እስከዚያው 50 ኦም ደሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን የሚውጥ ሬዚስተር) ላይ ሞክር፣ ከፍ ያለውን ፍሪኩዌንሲ የሚያስቀረውን ሎው ፓስ ፊልተርም አትርሳ፤ ቺፑ የሚያወጣው ስኩዌር ዌቭ ስለሆነ 7 ሜጋኸርዝ ስትልክ 21 ላይም ትወጣለህ። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ አለ፣ ስለ ፈቃዱ እነሱን ጠይቅ።

ወንድምህን በተመለከተ ላባብልህ አልፈልግም። በቡና ብር አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ አስተምሮህ መጨረሻህ የባንክ መስኮት ከሆነ ኪሳራው የሱም ነው፣ ይሄን በአክብሮት ግን በግልጽ ንገረው። ብሩ የሱ ነው ማለት ሙያህን እሱ ይመርጥልሃል ማለት አይደለም። በባዶ እጅህ ግን እንዳትከራከረው። ከተመረቅክ በኋላ የኪራይና የምግብ ወጪህን ከየት እንደምታመጣ አስበህ ሂድ። እኔ ከጥገና ክፍል የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ቴሌን ብቻ ከመጠበቅ የሆስፒታል መሣሪያ ጥገና፣ የአየር ማረፊያ የሬዲዮ ክፍል፣ የቡና ማበጠሪያ ፋብሪካ እያልክ አንኳኳ እልሃለሁ። ቦርድ ከፍቶ ብልሽቱን የሚያገኝ ሰው ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ደሞዙ መጀመሪያ ላይ አያኮራም።

ማስተርስ? አሁን አይደለም፣ መጀመሪያ ሥራ ልመድ።

ውጤትህ 2.8 መሆኑ አንዳንድ በር ይዘጋብሃል፣ አሁን ላይ ብዙም አታስተካክለውም፣ ስለዚህ እሱን እያሰብክ እንቅልፍ አትጣ።