ለውርጭ ዕድል ማን ሰጠው?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። ልጄ ለክፍል ሥራ ‹በዚህ ወቅት ውርጭ ባቄላውን የመምታት ዕድሉ ሰፊ ነው› ብላ ጻፈች። አያቷ ሲሰሙ ‹ኧረ! ለውርጭ ደግሞ ማን ዕድል ሰጠው?› ብለው ሳቁባት። ልጅቷ አኮረፈች። ማናቸው ናቸው ልክ? ደግሞስ ቃሉ በ‹እ› ነው ወይስ በ‹ዕ› የሚጻፈው?»

መልስ፦ አያትዬዋ ጆሮ አላቸው። ልጅቷም አልተሳሳተችም ማለት ይቻላል። «ይቻላል» ያልኩት ሳልወድ ነው።

ከግሡ እንነሣ። ዐደለ፣ «ደ» ጠብቃ፣ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ሰጠ ማለት ነው። የዝክር ዳቦ ሲታደል እጁን የዘረጋ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያው ዕደላ ይወጣል፣ ዐዳይ ይወጣል፣ ዕድልም ይወጣል። እንግዲህ ዕድል ሲፈጠር ድርሻ ነው። ሰጪ አለው፣ ተቀባይ አለው። ጎረቤቷ ልጅ ስትድር «ታድለሽ!» የምትል ሴት፣ እየቀናችም ቢሆን፣ ሰጪው ከላይ እንዳለ ተናግራለች። ልጁን ታደለ ወይም ታደለች ያለ ወላጅም እንዲሁ።

አንዳንዱ ዕድልን ከአድልዎ ጋር ያዛምዳል። ዕድለኛ ማለት የተዳላለት ሰው ነው ይላል። ለጨዋታ ያምራል፤ ለሰዋስው ግን አይሆንም። አድልዎ የግእዝ ቃል ነው። ሥሩ ደለወ፣ መዘነ ማለት ነው። ሚዛንም በግእዝ መዳልው የሚባለው ከዚያው ነው። የአድልዎ «አ» ባዕድ መነሻ ናት፤ ብትነሣ ሥሩ አይጎዳም። የዐደለ «ዐ» ግን ራሷ ሥር ናት። ጥያቄው ይህን ያህል እንደማይጠይቅ አውቃለሁ። ግን ሁለቱን ደባልቆ የሚያስተምር ሰው ስላጋጠመኝ ነው።

አሁን ወደ ፍሬው። ስማቸውን የማልጠራው አንድ ተከራካሪ አሉኝ። «ዕድል በባሕርዩ በጎ ነው፤ ስለዚህ ለክፉ ነገር አይነገርም» ይላሉ። በዚህ መንገድ ከሄድን አያትዬዋ አሸነፉ። ነገር ግን ክርክሩ አይጸናም። ዕድለ ቢስ፣ ዕድለ ሰባራ፣ ዕድለ ጠማማ የሚሉትን አማርኛ ትናንት አላመጣውም። በወንጌሉ የማርታና የማርያም ታሪክ ላይ ግእዙ ማርያም የመረጠችውን «መክፈልተ ሠናየ» ይለዋል፤ አማርኛው «መልካም ዕድል» ብሎ መለሰው። መክፈልት ድርሻ ነው። ድርሻው መልካም መሆኑን ለመናገር ቅጽል መጨመር አስፈልጓል። ዕድል ብቻውን በጎ ቢሆን ኖሮ ቅጽሉ ምን ይሠራ ነበር?

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ዕድል ተቀባይ ይፈልጋል፤ ተቀባዩም ሰው ነው። ዕድሉ የተሰበረበት ሰው አለ፣ የቀናው ሰው አለ። «ውርጭ ባቄላውን የመምታት ዕድሉ» ሲባል ግን ዕድሉ የማን ነው? የውርጩ ነው? የባቄላው ነው? አያትዬዋ የነኩት ይህችን ነው። ውርጭ ተሰልፎ ድርሻ አይቀበልም። የመንዝ ገበሬ ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር «ዘንድሮ ውርጩ አያስተርፈውም» ይላል፤ አለቀ። ግሡ ሥራውን ሠራ። ሬድዮው ግን «በበሽታው የመያዝ ዕድል»፣ «ጎማው የመፈንዳት ዕድል»፣ ባሰ ሲልም «የመሞት ዕድል» ይላል። ሞትን እንደ ዳቦ የሚያድል ያለ ይመስላል። ከባዕድ ቋንቋ ዜና ሲተረጎም የገባ ይመስለኛል።

«ሊይዘው ይችላል» እንበል ብዬ ብዙ ተሟግቻለሁ። ችግሩ ግን ይህ አነጋገር አይለካም። ሐኪሙ «የአጫሹ ከማያጨሰው ይበልጣል» ማለት ሲፈልግ የሚበልጥ ስም ያስፈልገዋል። «ሥጋት» ለክፉው ይሆናል፤ «ዝናብ የመዝነብ ሥጋት» ቢባል ግን ዝናብ የናፈቀው ገበሬ ይታዘበናል። «አጋጣሚ» ከገጠመ የመጣ ነው፤ ከደረሰ በኋላ እንጂ ሳይደርስ አይጠራም። (በየስብሰባው «ይህን አጋጣሚ በመጠቀም» እያሉ መላልሰው አደከሙት እንጂ ጥሩ ቃል ነበር።) ስለዚህ ዕድል ይህን አዲስ ሥራ ያዘ። የልጅቷ ዓረፍተ ነገር ዛሬ አማርኛ ነው። አልወደውም፤ ግን አማርኛ ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያንገበግበኝ «የሥራ ዕድል ፈጠራ» ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ፋብሪካ በተከፈተ ቁጥር «ለዚህን ያህል ሰዎች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ይባላል። ዕድል ይታደላል እንጂ እንዴት ይፈጠራል? «ሥራ ተገኘ» ብንል ምን ይጎድላል? ግን የቢሮ በር ላይ ሳይቀር ተጽፏልና የሚሰማኝ የለም። ወጣቱ ደግሞ «ቻንስ የለም» ብሎ ገላግሎታል፤ እሱን ለሌላ ቀን ልተወው።

ዕጣንም ከዕድል መለየት ደግ ነው። ዕጣ መለያው መንገድ ነው፤ ዕድል የደረሰን ነገር ነው። ዕጣ ይጣላል፣ ይወጣል፣ ይወድቃል። ዕድል ይቀናል፣ ያመልጣል፣ ይሰበራል። ዕቁብ ላይ በየሳምንቱ የሚወጣው ዕጣ ነው፤ ተራ ለማንም አይቀርም። ሎተሪ አዟሪው ግን «ዕድልዎን ይሞክሩ» ይላል እንጂ «ዕጣዎን ይሞክሩ» አይልም። ሰዋስው ሳይማር ለይቶታል።

ፊደሉን በተመለከተ፣ በዐይኑ «ዕ» ነው። እኛ ሸዋዎች አሌፍና ዐይንን («አ»ንና «ዐ»ን) በአንድ ድምፅ ስለምናነባቸው ጆሯችን አይፈርድም። ትግርኛ ተናጋሪ ግን ዕድል ሲል ዐይኗን ከጉሮሮው ያወጣታል። ዕጣም እንዲሁ፤ ግእዙ ዕፃ፣ ትግርኛው ዕጫ ነው። ጋዜጦች ብዙ ጊዜ «እድል» ይላሉ፤ ማንም አይቆጣቸውም። ልጅቷም በ«እ» ብትጽፈው መምህሯ ነጥብ አይቆርጡባት ይሆናል። እኔ ግን ግማሽ ነጥብ እቆርጥባት ነበር።