የአንድ ጎራሹን ማነጣጠሪያ ልንካው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አካባቢ ነው። የባለቤቴ አባት የዚህ አገር ሰው ናቸው። አደን መውጣት ሲያቅታቸው የድሮ ጠመንጃቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ዊንቸስተር 1885፣ አንድ ጎራሽ፣ 45-70 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው። በርሜሉ ረጅምና ስምንት ማዕዘን ነው። ችግሩ ዓይኔ ነው። 52 ዓመቴ ነው፤ የኋላውን ማነጣጠሪያ ሳይ ጭጋግ ነው፣ የፊቷ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች ናት። በዚያ ላይ በ100 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ይመታል። አንዱ ጓደኛዬ «በርሜሉን አስበሳና ስኮፕ (አጉልቶ የሚያሳይ ባለ መስታወት ማነጣጠሪያ) አስገጥምበት፣ ተገላገል» ይለኛል። ሌላው «ቅርስ ነው፣ እንዳትነካው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የፊቷን ማነጣጠሪያ በሞረድ ቀነስ አድርጋት አለኝ። በመጪው ወቅት አጋዘን ልወጣበት አስቤአለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስኮፑን እርሳው። ሞረዱንም አስቀምጠው። ግን «እንዳትነካው» ያለህም ልክ አይደለም።

ከሞረዱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ቶሎ የሚያበላሸው እሱ ነው። የፊት ማነጣጠሪያ ሲያጥር ጥይቱ ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ያንተ ድሮም ከፍ አድርጎ እየመታ ነው። ብትሞርደው 10 የነበረው 15፣ 20 ይሆንልሃል፤ የተሞረደ ብረት ደግሞ አይመለስም። መጀመሪያ የኋላውን ማነጣጠሪያ እይ። ከሥሩ ደረጃ ደረጃ ያላት ትንሽ ቁራጭ ብረት አለች፣ ወደፊትና ወደኋላ የምትንሸራተት። ከመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መሆኗን አረጋግጥ። እዚያም ሆና ከፍ ካደረገ መድኃኒቱ ከፍ ያለች የፊት ማነጣጠሪያ ናት። በምን ያህል? በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎቹ መካከል 65 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል፤ በ100 ሜትር 10 ሳንቲ ለማውረድ የሚያስፈልግህ 0.65 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሚሊ እንኳን አይሞላም! ለዚህ ነው በዓይን ግምት እየሞረዱ ጠመንጃ የሚያበላሹ ሰዎች የሚያናድዱኝ።

የፊቷ ማነጣጠሪያ በርሜሉ ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ በግድ የገባች ናት፣ ብሎን የላትም ብየዳም አይደለችም። ዘይት ጠብ አድርግበትና ጥቂት ቀን ይጥገብ። ከዚያ በናስ ዘንግ፣ በትንሽ መዶሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ትወጣለች። የብረት ዘንግ ከተጠቀምክ ትቧጭራለህ። እጅህን ካላመንከው የድሮ ጠመንጃ የሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ውሰደው፣ ቀላል ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዓይንህ። ከአርባ በኋላ የሁላችንም ዕጣ ነው፤ ቅርብ ያለውን የኋላ ማነጣጠሪያ፣ ራቅ ያለውን የፊቱንና አጋዘኑን አንድ ላይ ማጥራት አይቻልም። ስኮፕ ይፈታዋል፣ እውነት ነው። ግን ከስኮፕ በፊትም መፍትሔ ነበረ። ዊሊያም ላይማን የሚባል የኮኔቲከት ሰው በ1879 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፓተንት ያወጣበት ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ አለ። የሚታሰረው ከበርሜሉ ላይ ሳይሆን ከኋላ፣ ጠመንጃውን ስትጨብጥ አውራ ጣትህ የሚያርፍበት የብረት ምላስ ላይ ነው። በትንሿ ቀዳዳ አሾልከህ ታያለህ፣ ቀዳዳዋን ራሷን ማጥራት አያስፈልግህም፣ ዓይንህ የፊቷ ላይ ብቻ ያተኩራል። ካላመንከኝ መነጽርህን አውልቅና ወረቀት በመርፌ በስተህ በቀዳዳው የስልክህን ጽሑፍ እይ። ይጠራልሃል።

ደስ የሚለው ነገር ብዙዎቹ 1885ዎች ለዚህ ማነጣጠሪያ የሚሆነው ቀዳዳ ከፋብሪካ ተበስቶ ነው የወጡት። ምላሱ ላይ በትንንሽ ብሎኖች ተደፍኖ ታገኘዋለህ። ብሎኖቹን ፈትተህ ማሰር ነው፣ በቃ። ዛሬም አዲስ ይሠራል። ያንተ ላይ ቀዳዳው ከሌለ ግን አታስበሳው፤ በወፍራም የፊት ማነጣጠሪያና በዓይን ሐኪም በተስተካከለ መነጽር ተወጣው። ለአደን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ምረጥ፣ አጋዘን የሚወጣው ሊመሽ ሲል ነውና። ደግሞ ተጠንቀቅ፣ 45-70 ይራገጣል፤ ቅንድብህን ወደ ማነጣጠሪያው አታስጠጋ። አሮጌው የኋላ ማነጣጠሪያ ከጋረደህ እሱንም በዚያው ዘዴ ታወጣዋለህ።

በርሜሉ ለምን አይበሳም? ጠመንጃውን የነደፈው ጆን ብራውኒንግ ነው። ዊንቸስተር መብቱን በ1883 ገዝቶት ከ1885 ጀምሮ 140 ሺህ ያህል ሠርቷል። ብርቅ አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን ባለፈው ምዕተ ዓመት ብዙ ሰው በርሜሉን እየለወጠ፣ ስኮፕ እያስገጠመ ተጫውቶበታል፤ ሳይነካ የቀረው ነው ያነሰው። ገዢ መጀመሪያ የሚመለከተው በርሜሉ ለስኮፕ ተበስቶ እንደሆነ ነው፣ ቀዳዳው በብሎን ቢደፈንም ያየዋል። ከአንተ በፊት ሌላ ሰው በስቶት ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያኔ ስኮፑን ግጠም፣ እኔም አልቆጣህም።

ዕድሜውን ማወቅ ከፈለግህ የጠመንጃው መለያ ቁጥር ከታች በኩል ባለው ምላስ ላይ ተመትቷል። ዋዮሚንግ፣ ኮዲ ከተማ ያለው የጠመንጃ ሙዚየም የዊንቸስተር የድሮ መዝገብ አለው፤ በክፍያ ይጽፉልሃል፣ ልዩ ማነጣጠሪያ ታዝዞለት ከነበረም ሊገኝ ይችላል። እስከ 1898 የተሠራ ከሆነ በፌደራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ይቆጠራል፣ የክፍለ ግዛትህን ሕግ ግን ለብቻው ጠይቅ። የእኛዎቹ ሰናድርና ውጅግራም የዚያው ዘመን አንድ ጎራሾች ናቸው፣ ዝምድናው ዕድሜ ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ ማነጣጠሪያ ከመግዛትህ በፊት ጥይትህን ወስን። 45-70 ከ1873 ጀምሮ ያለ፣ በጥቁር ባሩድ የተወለደ ጥይት ነው። ዛሬ ለአዳዲስ ጠመንጃ ብለው በኃይለኛ ባሩድ የሚሞሉት አለ፤ እሱ ለሽማግሌው አይሆንም። ጠመንጃውን አስመርምር፣ ለድሮ ጠመንጃ የተባለውን ኃይሉ ዝቅ ያለ ጥይት ያዝ፣ በእሱ አንድ ሦስት አራቴ ተኩሰህ የት እንደሚመታ እይ። ጥይት ሲለወጥ የሚመታበት ቦታም ስለሚለወጥ፣ ያ 10 ሳንቲህ በአዲሱ ጥይት 3 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ያወጣሃቸውን ማነጣጠሪያዎች አትጣላቸው። በላስቲክ ጠቅልለህ፣ የጠመንጃውን ቁጥር ጽፈህበት፣ ከጠመንጃው ጋር አስቀምጥ።